በወፍጮ ቤት የተማርኩት በረራ

ቁጡ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። አሰላ ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከእኔ ጋር ተረኛ የሆነ ነርስ ሁሉ ይመሰክራል፤ የኦክስጅን ቱቦ ሳይፈትሽ ያለፈ ሰው ካየሁ ድምፄ እስከ ካርድ ክፍል ይሰማል። አንድ ባልደረባዬማ «ሲስተር ስትቆጣ ጭላሎ ተራራ ላይ ያለው ደመና ይበተናል» ይላል። ይበተን፤ ፀሐይ ትወጣልናለች።

ቁጣዬ ያለ ምክንያት አልመጣም። ወደ አሰላ ከመመደቤ በፊት ወታደር ነበርኩ፤ ነርስ ወታደር። ሥራዬ በጽኑ የታመሙና የቆሰሉ ወታደሮችን ከሩቅ የጦር ሰፈር በጭነት አውሮፕላን ይዞ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ማድረስ ነበር። የጭነት አውሮፕላን ሲባል መንገደኛ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣበት አውሮፕላን እንዳይመስላችሁ። ቃሬዛዎቹ ግድግዳው ላይ እንደ መደርደሪያ ተደራርበው ይታሰራሉ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከሁሉ የባሰው ግን ጩኸቱ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የራስን ድምፅ እንኳ መስማት የለም። ትንፋሹን ላዳምጥ ብዬ ማዳመጫውን የታካሚ ደረት ላይ ሳሳርፍ የምሰማው የሞተሩን ትንፋሽ ነው። የማሽኖቹ የማስጠንቀቂያ ደወል ይጮኻል ይባላል፤ ማን ሰምቶት!

አንድ ቀን ደረቱ ላይ የቆሰለ ወጣት ወታደር ይዘን ተነሳን። ወረቀቱ ላይ የትውልድ ቦታው ኢተያ ይላል። እኔ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ያን ጊዜ ኢተያ በየት በኩል እንደሆነች አላውቅም ነበር። ፊቱ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አድርገንለታል። መንገድ ላይ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ እያወጣ አስቸገረኝ። በዚያ ብርድ! መለስኩና ሸፈንኩት። ደግሞ አወጣ። ደግሞ ሸፈንኩ። ሦስት ጊዜ አወጣ፣ ሦስት ጊዜ ሸፈንኩት፤ በሦስተኛውማ ተናድጄ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ከጎኑ ሥር ወተፍኩት። ጥቂት ቆይቶ አውሮፕላኑ ዘንበል ሲል ብርድ ልብሱ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ነው የኦክስጅኑ ቱቦ ከሲሊንደሩ ወልቆ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ያየሁት። የልጁ ከንፈር ጠቁሯል። እንዴት እንደሰካሁት አላውቅም፣ ብቻ ሰካሁት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ስናርፍ በሕይወት አስረከብኩት፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

እሱ ተረፈ፣ እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ቀረሁ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ታካሚ አየር ሲያጥረው በምን እናውቃለን? ቱቦው መውለቁን ያየሁት በዕድል ነው። ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ ዘንበል አትልም። ከሠራዊቱ ተሰናብቼ አሰላ ተመድቤ ከመጣሁ በኋላም፣ ቱቦ ሳይፈተሽ ባየሁ ቁጥር የምጮኸው ያ ከንፈር እየታየኝ ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጥናት ርእስ አምጪ ስባል አላመነታሁም። በወታደራዊ የአየር ጉዞ ወቅት ለጽኑ ሕሙማን ስለሚደረግ የነርሶች እንክብካቤ አጠናለሁ አልኩ። አማካሪዬ ትሑት፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ዶክተር ነው። መነጽሩን አውልቆ ጠራረገና «ጥሩ ነው» አለ። «አውሮፕላኑስ?»

«ምን አውሮፕላን?»

«ጥናቱን የምትሠሪበት።»

አውሮፕላን አልነበረኝም። ወዳገለገልኩበት ቦታ ደብዳቤ ብጽፍ ደብዳቤዬ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የከፍታውን ነገር ለማስረዳትስ አልተቸገርኩም፤ ዝቅ ካለችው አዳማ ተጭኖ ደጋዋ አሰላ የደረሰ የቺፕስ ከረጢት አምጥቼ አማካሪዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሊፈነዳ እስኪደርስ ተነፍቷል። «ሳንባው ተቀዶ አየር ደረቱ ውስጥ የታፈነበት ሰው ወደ ላይ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚሆነው። ከመነሳታችን በፊት አየሩ ካልወጣለት ሳንባውን ይጨፈልቅበታል» አልኩት። ቺፕሱን ከፍተን በላነው። ጩኸቱን ግን ከየት ላምጣ?

ጩኸቱ ያለው ሰፈሬ ውስጥ ነው። ለበሶ የሚሆን ገብስ ላስፈጭ አንድ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ስደርስ ቆሜ ቀረሁ። ሦስቱም ወፍጮዎች ተነስተዋል። ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሴ ይነዝራል፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ አፏን ትከፍታለች እንጂ የምትለው አይሰማም። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ብጮህም የሚሰማኝ አልነበረም። በስልኬ የድምፅ መለኪያ ለካሁት። የጭነት አውሮፕላኑ ራሱ ነው። ብርዱ ብቻ ይጎድለዋል፤ እሱን ደግሞ አሰላ አታሳጣም።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ስልሳን ያለፉ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር በዱቄት የነጣ ሰውዬ ናቸው። «ጋሼ» ብዬ ነው የምጠራቸው። ወደ ውጭ ወሰድኳቸውና የምፈልገውን አስረዳሁ። በቃሬዛ የተኛ ሰው ወፍጮዎቹ መሃል አስቀምጠን ነርሶቹ ይፈትኑበታል፣ የደም ግፊት ይለካሉ፣ ትንፋሽ ያዳምጣሉ አልኳቸው። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሲስተር፣ የጤና ቁጥጥር ከሆንሽ በቀጥታ ንገሪኝ፤ ግድግዳውን አምና ነው ያስቀባሁት» አሉ።

የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ደግሞ የፈቃድ ቅጽ ይፈረም አለ። ቅጹን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አራቱንም ገጽ በሩ ላይ ቆመው አነበቡ፤ እህል ያመጡት ሴቶች ይጠብቃሉ። «ተሳታፊው በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላል ይላል» አሉኝ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው። «አዎ ጋሼ።» «መብራት ኃይልም ፈርሟል?»

እውነታቸውን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ረጅሙን ባልደረባዬን ታካሚ አድርጌ ቃሬዛ ላይ አስተኛሁት። ይህ ነርስ የአሰላ ልጅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምር፣ በቁጣዬ ደመና ይበተናል እያለ የሚቀልድብኝም እሱ ነው። እግሩ ከቃሬዛው አልፎ የእህል ማዳበሪያዎቹ ላይ አረፈ። በዚያ ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚይዘው ሰው አይደለም፣ ማዳበሪያው ነው፤ ሴቶቹ እህላቸውን ደርድረው ገበያ ይሄዳሉ፣ ማዳበሪያውም በቦታው ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ባልደረባዬ ከአንድ ኩንታል ስንዴና ከግማሽ ኩንታል ባቄላ መካከል ወረፋ ይዞ ተኛ። ወፍጮዎቹ ተነሱ። አንዷ ነርስ ደረቱን ስታዳምጥ እኔ ጆሮዋ ሥር ገብቼ ባለ በሌለ ኃይሌ «ትንፋሽ አለው ወይ?» ብዬ ስጮህ መብራት ጠፋ። ወፍጮዎቹ ዝም አሉ። ጩኸቴ ብቻውን ቤቱን ሞላው። ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ አለው ሲስተር! ከእኛ በላይ ይተነፍሳል!» አለች። ሳቁ መብራት እስኪመጣ አላለቀም፤ መብራቱ ደግሞ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።

እንዲህ እያልን አራት ወር ወፍጮ ቤት ተመላለስን። በጆሮ የሚሠራ ነገር ሁሉ በጩኸት ውስጥ እንደማይሠራ ጻፍኩ። የደም ግፊቱን ማዳመጫውን ትቶ በጣት መዳሰስ እንደሚሻል፣ ትንፋሹን በጆሮ ከመፈለግ መዳፍ ደረት ላይ አሳርፎ መጠበቅ እንደሚያዋጣ ጻፍኩ። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ወፍጮው ሲፈጭ ጆሯቸውን ሰጥተው አያውቁም፤ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፉና ድንጋዩ እንደላላ፣ መዘውሩ እንደተጣመመ ያውቃሉ። «ዓይን ይዋሻል፣ ጆሮ ይዋሻል፣ እጅ ግን አይዋሽም» ይሉኛል። አማካሪዬ ይህን አባባል የጥናቱ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ እንዳላስገባው ለመነኝ። ወፍጮ ቤቱንም «ከፍተኛ ጩኸት ያለበት አስመሳይ አካባቢ» ብለን ጻፍነው። ለጋሼ ሳነብላቸው በጣም ደስ አላቸው፤ በሩ ላይ ይለጠፍ አሉ።

ትልቁ ግኝቴ ግን የእጅ ምልክቶቹ ነበሩ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም አይጮህም። እህሏን የምታስፈጨው ሴት ወፍጮው አፍ ላይ ቆማ በእጇ ትናገራለች፣ ጋሼ በእጃቸው ይመልሳሉ። መዳፏን ወደ ታች ገልብጣ ሁለት ጊዜ ካራገፈች «የወፍጮው አፍ ባዶ ሆነ፣ እህል ጨምር» ማለት ነው። አውራ ጣቷን በሌባ ጣቷ ላይ ካሸች፣ ዱቄት እንደምትዳስስ፣ «ልሟል፣ ጥሩ ነው» ነው። ጡጫዋን መዳፏ ላይ ከመታች «ጋለ፣ አቁም» ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ የሴቶቹን እጅ እያየሁ በደብተሬ ሣልኩ። ከዚያም ለነርሶቻችን አስተካከልኩት። የተገለበጠ መዳፍ «ኦክስጅን አልደረሰውም»፣ የሚታሽ ጣት «ደህና ነው»፣ ጡጫ በመዳፍ «የያዝከውን ትተህ ና» ሆነ። ነርሶቹ በአንድ ከሰዓት ለመዱት። ቶሎ መልመዳቸው የማስተማር ችሎታዬ መስሎኝ ኮራሁ።

አንድ ቀን ባልደረባዬ ቃሬዛው ላይ እንደተኛ እጁን አውጥቶ ያወዛውዛል። አፍንጫው ውስጥ ዱቄት ገብቶበት ኖሯል። ሮጬ ሄጄ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩና ወፍጮዎቹ ሲቆሙ ጮህኩበት፤ «አንተ ታካሚ ነህ! ታካሚ ምልክት አይሰጥም፤ ምልክት የሚሰጠው ነርሱ ነው! ጥናቴን ታበላሻለህ!» አስነጠሰና «እሺ ሲስተር» አለ። ይህን አስታውሱልኝ።

በመጨረሻ ከበረራ በፊትና በበረራ ላይ ነርስ የሚያረጋግጣቸውን ነገሮች በአንድ ገጽ ዘረዘርኩ። አራተኛው ቁጥር እንዲህ ይላል፤ «ብርዱ እንዳይጎዳው የታካሚው እጅና እግር በብርድ ልብስ ውስጥ በደንብ ይሸፈን።» ያ ኢተያ የሚል ወረቀት ያለው ልጅ ብርድ ላይ እጁን እያወጣ እንዳስቸገረኝ ትዝ እያለኝ ነው የጻፍኩት። «በደንብ» በሚለው ቃል ሥር አሰመርኩ።

ክረምቱ መሃል ላይ ስልክ ተደወለ። ጮሌ በምትባለው ከተማ አካባቢ የፈረስ ጋሪ ተገልብጦባት የጎድን አጥንቶቿ የተሰበሩ፣ ሳንባዋ የተጎዳ ሴት አለች። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፣ አምቡላንስ አያሳልፍም። ወታደራዊ ሄሊኮፕተር ተለምኖ ፈቃደኛ ሆኗል፣ በሽተኛዋን ይዞ የሚመለስ ነርስ ይፈለጋል። ዋናው ሐኪም ስልኩን እንደያዘ ክፍሉን ዞር ብሎ አየ። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፣ እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። ረጅሙን ባልደረባዬን «ና» አልኩት። ወፍጮ ቤት ውስጥ አራት ወር እንደሞተ ሆኖ ሲተኛልኝ የኖረ ሰው አንዴ ተነስቶ ይሥራ ብዬ ነው።

ሄሊኮፕተሩ ስታዲየሙ ላይ አረፈ። ልምምድ ላይ የነበሩት ሯጮች ዳር ይዘው ቆሙ፤ እሱ እስኪነሳ ድረስ እንኳ እግራቸው አላረፈም፣ በቆሙበት ይዘላሉ። ከላይ ሲታይ አርሲ በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ስንዴው ገና ፍሬ አልያዘም፣ ገብሱ ዘለላ ማውጣት ጀምሯል። ባልደረባዬ አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ኋላ ስጠይቀው መዝሙር እየዘመረ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አልሰማሁትም፤ ሄሊኮፕተሩ ብርቱ ነው።

ጮሌ ላይ ወጣት ሐኪም ዝናብ ውስጥ ቆሞ ጠበቀን። በስልክ እንደተነጋገርነው ደረቷ ላይ የአየር ማስወጫ ቱቦ አስገብቶላታል። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኗ ግን ነቅቷል። አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ ባልደረባዬ በኦሮምኛ ምን እንደምናደርግ አስረዳት። የኦክስጅን ጭንብሉን አደረግንላት፣ ቃሬዛውን አሰርን፣ ዝርዝሬን አውጥቼ አንድ በአንድ ምልክት አደረግሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ ስደርስ እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ በደንብ ሸፈንኩ።

ተነሳን። ጮሌን ለቀን ወደ ደመናው ስንጠጋ ነፋሱ አንገጫገጨን። ጣቷ ላይ ያሰርነው የኦክስጅን መለኪያ ከንዝረቱ የተነሳ ቁጥር ማሳየቱን ትቶ ሰረዝ ብቻ ያሳያል። የሲሊንደሩን መለኪያ አየሁ፤ ሙሉ ነው። ባልደረባዬ አጎንብሶ የደረቷን ቱቦ ይዟል። ሁሉ ነገር ደህና ነው አልኩ ለራሴ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች።

እጄ ከእኔ ቀደመ፤ የእሷን እጅ ይዤ ወደ ውስጥ መለስኩት። በቁጣ ነጥቃኝ አወጣችው። ዓይኔን ትክ ብላ እያየች መዳፏን ወደ ታች ገለበጠችና ሁለት ጊዜ አራገፈች። ደግማ ገልብጣ ሁለት ጊዜ አራገፈች፤ ወፍጮው አፍ ላይ ቆማ እህል ጨምር የምትለው ሰው ቸል ያላት ይመስል።

አፉ ባዶ ነው።

እንዴት እንዳልሞትኩ! ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፣ ዓይን ይዋሻል። ቱቦውን ከሲሊንደሩ ጀምሬ በጣቶቼ እየተከተልኩ ሄድኩ። ቃሬዛው ሥር ስደርስ ተጣጥፎ ተገኘ፤ ስንገጫገጭ የቃሬዛው እግር ተንሸራትቶ ቆሞበታል። ጡጫዬን መዳፌ ላይ መታሁ፣ ባልደረባዬ ቀና አለ፣ በትከሻው ቃሬዛውን ከፍ ሲያደርግ ቱቦውን መዘዝኩት። ጭንብሏ ላይ ያለው የአየር ከረጢት መሙላት ጀመረ። ዓይኗን ጨፈነች፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ሳበች። ከዚያ ዓይኗን ሳትከፍት ያችን እጇን አነሳችና አውራ ጣቷን በሌባ ጣቷ ላይ አሸች።

ልሟል። ጥሩ ነው።

ሳቅሁ። እንባዬም መጣ፣ ሁለቱም አንድ ላይ፣ ደግነቱ በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም አልሰማኝም። አሰላ እስክንደርስ ያችን እጅ አልለቀቅኳትም፣ ብርድ ልብሱ ውስጥም አልመለስኳትም። ስታዲየሙ ላይ ስናርፍ ሯጮቹ ገና ይዘላሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሾርባ ትጠጣለች። ከባልደረባዬ ጋር ሄድን። ምልክቱን ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት። እሱ ተረጎመላት። ሾርባውን አስቀመጠችና በጥቂቷ አማርኛዋ ራሷ መለሰችልኝ፤ «አንቺ ወፍጮ ቤት ሄደሽ አታውቂም እንዴ?»

ባልደረባዬ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈ። አራት ወር! አራት ወር ዱቄት ስተነፍስ ከርሜ! ወደ እሱ ዞርኩ። «ሁሉም ሰው ያውቀዋል እንዴ?»

«አርሲ ውስጥ እህል አስፈጭቶ የማያውቅ ማን አለ ሲስተር? ከልጅነታችን ጀምሮ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ደግሞ ታካሚ ምልክት አይሰጥም ብለሽ እጄን ሸፈንሽው።»

ምልክቶቹን የወሰድኩት ከሴቶቹ እጅ ነው፤ ግድግዳ ተደግፌ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ። ከእነሱ ወስጄ ለነርሶች አስተማርኩ፣ ነርሶቹም የአካባቢው ልጆች ስለሆኑ ድሮ የሚያውቁትን ተማሩልኝ። ነገ ቃሬዛው ላይ የሚተኙት እነዚያው ሴቶች፣ ወንድሞቻቸውና ልጆቻቸው መሆናቸው አንድም ቀን አልታየኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ ለቅሜ ለቅሜ ዋናውን ማዳበሪያ በር ላይ ረሳሁት። ከልቤ ሳቅሁ፣ ሴትዮዋም የጎድን አጥንቷን ደግፋ ሳቀች።

ሳቄ ያቆመው ወደ ክፍሌ ስመለስ ነው። ኮሪደሩ መሃል ላይ እግሬ ቆመ። ኢተያ አሁን የት እንደሆነች አውቃለሁ። ወደ አዳማ ስወርድ በየጊዜው የማልፍባት፣ በመንገዷ ግራና ቀኝ ስንዴ እንጂ ሌላ የማይታይባት፣ ወፍጮ ቤት የማያጣት የአርሲ ከተማ ናት። እጁን ከብርድ ልብሱ ያወጣው ያ ወታደር ትዝ አለኝ፤ እጁ ምን ያደርግ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ታየኝ። አልተወራጨም፣ አልቃዠም። መዳፉን ገልብጦ ያራግፍ ነበር። አፉ ባዶ ነው፣ ጨምሪ እያለኝ ነው። እኔ ደግሞ ብርድ እንዳይመታው አዝኜ አፉን አፈንኩበት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲሉ እኔን ነው። እዚያው ኮሪደር ላይ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። መትረፉን ባላውቅ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

በማግስቱ ጋሼ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። መዳፋቸውን ብረቱ ላይ እንዳሳረፉ ሰሙኝ። ሲያልቅ ወፍጮውን አጠፉና «ልጁ ተርፏል አልሽ?» አሉ።

«ተርፏል ጋሼ።»

«እንግዲያው ዛሬ አንዱ ወፍጮ ቤት ቆሞ እህል ጨምር እያለ ነው፤ አታልቅሺ» አሉና መልሰው አስነሱት።

ጥናቱን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ ዝርዝሩን ይዞ አራተኛውን ቁጥር አነበበ። ሰርዤ እንደገና ጽፌዋለሁ። «የታካሚው እጆች ከብርድ ልብሱ ውጭ ይሁኑ፤ ከቀዘቀዙ ጓንት ይደረግላቸው፤ ነርሱ ከማሽኑ በፊት እጆቹን ይመልከት።» ፈታኙ ቀና ብሎ «ይህ ከየትኛው ጽሑፍ የተወሰደ ነው? ዋቢ አልጠቀሽም» አለኝ። አማካሪዬ ወፍጮ ቤቱን እንዳልጠራ በዓይኑ ለመነኝ።

ወፍጮ ቤቱን አልጠራሁም። «ከኢተያ የመጣ አንድ ወታደር ነው የነገረኝ» አልኩ። «ሦስት ጊዜ ነግሮኝ ነበር።»